የበሩ ሥር መኝታ

ሽታው አልለቀቃትም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ የሺእመቤት በአሠሪዋ በማዳም እኅት ቤት፣ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ቀጭን ፍራሽ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ኩዌት ከገባች ጀምሮ ሌሊቱን የማዳምን እናት፣ አሮጊቷን ሐጃ፣ ስታገላብጥና ውኃ ስታቀምስ አድራ ቀን ቀን መተኛት ለምዳለች፣ በዚህ ሰዓት እንቅልፍ ሳትጠራው መጥቶ ነበር የሚጥላት፣ ዛሬ ግን ደጇ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸታት። ገላዋን ታጥባለች፣ ልብሷን ለውጣለች፣ እጇን በሎሚ አሽታለች፣ ይህ ደግሞ ሌላ ቤት ነው፣ ጠዋት ከወጡበት ሕንፃ በመኪና ግማሽ ሰዓት ይርቃል፤ ሽታው ግን ከአፍንጫዋ ሳይሆን ከልቧ በታች ካለ ቦታ ይነሣል፣ ከሱ ጋር የልጇ የአርሴማ ድምፅ ይነሣል፣ «እማዬ፣ ቤታችን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ አያቴ ግን ወጥ አልሠራችም» የሚለው፣ ትናንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስልክ ያለቻት። ስቃ ነበር። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ስቃ ነበር።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አስቀድማ ያወቀችው ሐጃ ናት። «ቱም! ማን ነው በዚህ ሰዓት ቱም የሚጠብሰው?» አለች፤ ቱም በነሱ ቋንቋ ነጭ ሽንኩርት ነው። የሺ «ማንም ሐጃ» ብላ ትራሷን አቃናችላት። ቆይቶ አሮጊቷን አስመለሳት፣ ቆይቶ የሺንም ራሷን አዞራት፣ ቆይቶ ደረጃው በጩኸት ተሞላ። ከታች ያሉትን ሰዎች ትኋን አስቸግሯቸው፣ የሕንፃው ጠባቂ ከገበያ ክኒን ገዝቶ ክፍላቸው ውስጥ በትኖ በሩን በፕላስተር አሽጎት ኖሯል፤ እነሱ ዘመድ ቤት ሄደዋል፣ የጎናቸው ሰዎች ግን ተኝተዋል። ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች መጥተው ሁሉንም ጎዳና ላይ አወጡት። ሁለት ቃሬዛ ወረደ፤ በሁለተኛው ላይ ብርድ ልብሱ የሸፈነው ነገር አጭር ነው፣ በጣም አጭር፣ የሺ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ከዚያ አንዱ ባለ ጭንብል በጓንት እጁ አረንጓዴ ቆርቆሮ ይዞ ወጣና ከየሺ እግር አጠገብ ቆርቆሮዋን ላስቲክ ውስጥ ከተታት፣ ላይዋ ላይ የራስ ቅል አለ፣ ከሥሩ የተመሳቀለ አጥንት። ለተሰበሰበው ሰው ሲናገር ሰማችው። «ይኼ የእህል ነው፣ የነቀዝ መድኃኒት» አለ። «ሰው በሚተኛበት ቤት አይገባም። አየር ይሆናል፣ አየር ሆኖ ነው የሚገድል።»

ያቺን ቆርቆሮ ታውቃታለች። ታናሽ ወንድሟ ሐብታሙ፣ ሞጣ ከተማ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሐሙስ ዕለት የቆርቆሮዋን ፎቶ ልኮላታል፣ «እታለም፣ መድኃኒቱን ከዚህ ገዝቼ ቢቸና አድርሻለሁ፣ ከሁሉ ብርቱው ይኼ ነው አሉኝ» ብሎ። ስልኳን አውጥታ አየች። የሺ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፣ እንግሊዝኛውን አታነበውም፣ ግን ፊደል በፊደል ማስተያየት ማንም አይከለክላትም፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለችውን አየች፣ ስልኳን አየች፣ አንዱን ፊደል ከአንዱ፣ አንዱን ከአንዱ፣ እስከ መጨረሻው። ራስ ቅሉም ያው ነው። አረንጓዴውም ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ትደውላለች። የእናቷን ስልክ ስትሞክር ሁልጊዜ የምትመጣዋ ሴት ትመጣለች፣ ያቺ አዝና የማታውቅ፣ ተደስታም የማታውቅ ሴት፣ ደንበኛዋን ማግኘት አይቻልም ትላታለች፣ እንዴት አይቻልም፣ ቢቸና መብራት ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል፣ ትናንት ራሱ አርሴማ «እማዬ ባትሪው ሊያልቅ ነው» እያለች ነው የተቋረጠው፣ ስለዚህ ስልኩ ቢዘጋ ሌላ ምንም ማለት አይደለም፣ መብራት ስለጠፋ ነው፣ መብራት ስለጠፋ ብቻ። የሐብታሙ ደግሞ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሣም። ቅዳሜ የሞጣ ገበያ ነው፣ ሲንጀሩ ሲጮኽ ስልክ አይሰማም፣ ታውቃለች። ሌላ ቁጥር የላትም። የድሮ ስልኳ ባልዲ ውስጥ ገብቶ የሰው ሁሉ ቁጥር አብሮ ከጠፋ ወዲህ፣ አገሯ ሁለት ቁጥር ብቻ ሆኗል።

ማን አለ በይ፣ የሺ፣ ማን አለ እህል አከማቹ። እናቷ ሀብትነሽ አላለችም። ባለፈው ጥቅምት ነው፣ ሐጃ ሶፋው ላይ እያንቀላፋች፣ የሺ ኩሽና ቆማ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ሰሐን እያጠበች ታወራለች። «እማ፣ ሰው እኮ እያከማቸ ነው።» «ያከማች። ጎታዬ ውስጥ እስከ መስከረም የሚያደርሰኝ ጤፍ አለ፣ ከመስከረም ወዲያ ያለውን የመስከረም ባለቤት ያውቃል።» «መንገዱ ቢዘጋስ?» «ሲዘጋ ጦም አድረን እናውቃለን? ይልቅ አንቺ መቼ ነው የምትመጪ?» «አንድ ዓመት ልጨምርና…» «አምናም አንድ ዓመት ብለሽኝ ነበር። አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ስንት ነው?» ይኼን ስትል ሳቋ ይሰማል፣ ያቺ ጥርሷ በወለቀበት በኩል የምታሾልከው ሳቅ። የሺ አልሳቀችም። ይታያታል፣ ሁልጊዜ ይታያታል፣ የተዘጋ መንገድ፣ ባዶ ጎታ፣ የአርሴማ የደረቀ ከንፈር፤ ካገሯ ስትወጣ አንድ ፍርሃት ይዛ ወጣች፣ እዚህ መጥታ ፍርሃቱ ልጆች ወለደ። ስለዚህ ላከች። በቆሎና ስንዴ ከጉንደ ወይን ተጭኖ መጣ፣ ጆንያው ከወለል እስከ ጣራው ሥር ተደረደረ። «ምነው በቆሎ?» አለች እናቷ። «ጤፍ ምን በደለሽ? ጤፍን እኮ እግዜር ሲፈጥረው ለነቀዝ እንዳይታይ አድርጎ አሳነሰው። ይኼ ግን ገና ከመምጣቱ ይነቅዛል ይላሉ፣ መድኃኒት ይፈልጋል ይላሉ፣ እህል ነው ወይስ በሽተኛ ነው ያመጣሽብኝ?» የሺ ያን ጊዜ ተቆጣች። እሷ እዚህ የሰው እናት እያጠበች የራሷ እናት ስትቀልድባት ተቆጣች። «መድኃኒቱን ሐብታሙ ያመጣል፣ አንቺ ብቻ እንዳታበላሺው» አለቻት። እናቷን ነው እንዲህ ያለቻት። ቃሉ ተመልሶ አይዋጥም።

ደጃቸው ይታያታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚወጣው የእግር መንገድ መጀመሪያ የሚያገኘው የነሱን ደጅ ነው፣ ስለዚህ የቅኔ ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ለቁራሽ ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠሩት እዚያ ነው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፣ ሀብትነሽም በሩን ትከፍታለች፣ ክረምት ከበጋ፣ የታመመች ቀንም ቢሆን፣ ባሏ የሞተ ዕለትም ቢሆን። የሺ ትንሽ ልጅ ናት፣ እናቷ ቀሚስ ሥር ቆማለች፣ ይታያል የሚባል ጢሙ የወጣ ትልቅ ተማሪ ደጁ ላይ ቆሟል፤ ያን ቀን የተረፈ ነበርና ሀብትነሽ አንድ ቁራሽ ሰጥታው ሌላ ልትጨምርለት ትዘረጋለች፣ ሰውየው እጁን ይሰበስባል፣ «የዛሬው ደርሶኛል እመቤቴ» ይላታል፣ «የነገውን ነገ እመጣለሁ።» ሄደ። የሺ ሞኝ መስሏት ሳቀች፣ እናቷ ጆሮዋን ይዛ አልጠመዘዘቻትም፣ ያዝ ብቻ አድርጋ «ይኼ ሰውዬ ካንቺም ከኔም ሀብታም ነው» አለቻት። ያ ተማሪ ዛሬ የኔታ ይታያል ነው፣ መምህር ሆኗል፣ የሱ ተማሪዎች ናቸው አሁን ያንን በር የሚጠሩ። ዛሬ ጠዋትስ ጠርተዋል? በሩ ተከፍቷል? ተከፍቷል፣ ለምን አይከፈትም፣ ተከፍቷል። መናው ለነገ ሲያድር ተላ ብለው ቄሱ ሲያስተምሩ ሰምታለች፣ ትል ያየዋል ሰው፣ ይጥለዋል፣ ይኼ ግን አይታይም፣ ይኼ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸት።

ስልኩ ጮኸ። ሐብታሙ ነው።

«እታለም! ሃያ ጊዜ ደወልሽ እኮ፣ ምን ሆነሻል? አሠሪዎችሽ…»

«የእህሉን መድኃኒት እንዴት ነው ያደረግከው?»

«ምን?»

«ክኒኑን ሐብትሽ፣ ክኒኑን እንዴት አደረግከው!»

«እንደነገሩኝ ነዋ። በየጆንያው መሐል ከተትኩ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፈንኩ፣ መስኮቱን በጭቃ መረግኩት፣ ከግድግዳው ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንኩ። ሻጩ አየር እንዳይወጣ ብሎኛል። እንዲያውም አንቺ ራስሽ በደንብ ድፈነው አላልሽም?»

«እነሱስ? እነሱ የት ነው የሚተኙ?»

ከሐብታሙ ኋላ የገበያ ጫጫታ፣ የበግ ድምፅ፣ አንድ ሰው ስለ ሱሪ ቁመት ሲጨቃጨቅ ይሰማል።

«እዚያው ናቸዋ እታለም» አለ ቀስ ብሎ። «ቤቱ አንድ ነው። ሌባ እንዳይገባ እማ በሩ ሥር ትተኛ፣ ልጅቷ መደቡ ላይ ከጆንያው ጥግ ትሁን፣ ከብርድ ይከልላታል ያልሽ አንቺ አይደለሽ?»

እሷ ናት። ታኅሣሥ ነው፣ የቢቸና ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ልጇን ከብርድ ልትከልል ነው፣ እዚህ ሆና፣ በስልክ፣ የማታየውን ቤት በቃሏ ስታደራጅ፣ አንዷን ወደዚህ፣ አንዷን ወደዚያ፣ እንደ ዕቃ። ልጇን ከመርዙ ጎን አስተኛቻት። ምን እንደተናገረች አላወቀችም፣ ብቻ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ሽታው ተናገረች፣ ሐብታሙ መጀመሪያ «እንዴ» ይል ነበር፣ ኋላ «እንዴ» ማለቱን ተወው።

«ጎረቤቷ ባንቺዓለም ስልክ አላት» አለ። «ልደውልላት። መስመሩን እንዳትይዢው። ጠብቂኝ።»

ትጠብቃለች። ደቂቃው አይሄድም። ከወዲያኛው ክፍል ሐጃ ታስላለች፣ የማዳም እኅት ቴሌቪዥን ከፍታለች፣ ሰዎች እያጨበጨቡ ነው፣ ለምን እንደሚያጨበጭቡ እግዜር ይወቅ። የሺ ተነሥታ ተቀመጠች፣ አማተበች፣ አባታችን ሆይ አለች፣ ስትነሣም ስትተኛም የምትለውን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለምላሷ እንደ ምራቅ የሆነውን፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። የዕለት ነው የሚለው። ዛሬ ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ በቀን ይኼን እያለች፣ ወዲያው ጨርሳ ደግሞ ለስንት ዓመት የሚሆን ትጠይቅ ነበር፣ በአንድ አፍ፤ እሱም ሰማት መሰል፣ ሁለቱንም ሰማት፣ የትኛውን እንደምትፈልግ አላውቅ ብሎ የጮኸችበትን ሰጣት። አይደለም፣ እግዚአብሔር እንዲህ አያደርግም፣ እናቷ ይኼን ብትሰማ ትቆጣለች፣ «የራስሽን ሥራ በአምላክ ደጅ አትጣይ» ትላለች። ጌታዬ፣ ጆንያው ይበስብስ። ነቀዝ ይብላው። ዛሬን ብቻ። የዛሬን ብቻ ነው የምለምንህ፣ የነገውን ነገ እመጣለሁ፣ ዛሬ በሩ ተከፍቶ ይገኝ፣ እናቴ በሩ ሥር ናት፣ በሩ ሥር ክፍተት አለው፣ እሷ አየር ታገኛለች፣ ልጄ ግን፣ ልጄ መደቡ ላይ ናት፣ ልጄን፣ አላለቀላትም፣ ልጄን ብላ ስትጀምር ያላሰበችው ነገር መጣባት፣ አንዷን ብቻ ስጠኝ ብሎ የሚለምን ሰው ሌላዋን ምን እያደረጋት ነው? አፏን በእጇ ያዘች። ጸሎቷን ፈራችው።

ስልኩ ጮኸ።

«እታለም» አለ ሐብታሙ። የገበያው ጫጫታ የለም፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። «ልጅቷ ደኅና ናት። መጀመሪያ ይኼን ስሚ። አርሴማ አለች። ጤና ጣቢያ ናት፣ ትናገራለች፣ ነርሷ አይዟችሁ ብላለች።»

የሺ መሬት ላይ ተደፋች፣ ግንባሯ ቀዝቃዛው ሸክላ ላይ አረፈ።

«ተማሪዎቹ ናቸው ያወቁ» አለ። «ጠዋት ቢጠሩ ቢጠሩ የሚከፍት ጠፋ። ሌላ ቤት ቢሆን ወደሚቀጥለው ይሄዱ ነበር። ሮጠው ለየኔታ ይታያል ነገሯቸው፣ የኔታም የሀብትነሽ ደጅ ሳይከፈት አርፍዶ አያውቅም ብለው ጉባኤውን ጥለው መጡ፣ በሩን በትከሻቸው ገነጠሉት። ያ የጠዋት ቁራሽ ባይኖር እታለም…» አልጨረሰውም።

«እማስ?»

«እማም… እማም አለች። እማ ትንሽ አሟታል።»

ትንሽ። ቃሉን ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ዓመቷ ላይ አባቷ ትንሽ አሞት ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ በደወለች ቁጥር ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተኝቷል፣ አሁን ጠበል ሄዷል፣ አሁን ወጣ ብሏል፣ አንድ ዓርብ በእረፍቷ ቀን ያገሯ ልጆች ሳትጠራቸው ተሰብስበው እስኪመጡ፣ ጥቁር ሻሽ በጉያቸው ሸሽገው፣ በልታ ጠጥታ እስክትጨርስ ፊቷን እያዩ። በነሱ አገር ለብቻዋ ሰው ቤት ላለች ሴት መርዶ በስልክ አይነገርም። ከነውርም ነውር ነው። የሚይዛት ሰው በሌለበት፣ ራሷን ምን ላይ እንደምትጥል በማይታወቅበት። ሐብታሙ ጥሩ ልጅ ነው፣ ወጉን ጠብቋል።

«አቅርባት» አለች።

«እኔ ሞጣ አይደለሁ? መኪና ካገኘሁ አሁን መነሣቴ ነው» አለ፣ ድምፁ ተሰበረና መልሶ ጠገነው። «ባንቺዓለም ከጤና ጣቢያው ትደውልልሻለች፣ ከልጅሽ ጋር ታገናኝሻለች። አይዞሽ። እህል ቅመሺ። ብቻሽን አትሁኚ፣ እሺ እታለም? ሰው አጠገብሽ አለ?»

«አለ» አለችው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያጨበጭባሉ።

ከዚያ ስንት ጊዜ እንደቆየች አታውቅም። ምናልባት ትንሽ ነው በእውነት። ሰው እኮ በእውነትም ትንሽ ያመዋል፣ ቃሉ ለዚያ ነው የተፈጠረው። እናቷ ጠንካራ ናት፣ ያውም በሩ ሥር ነው የተኛችው፣ በሩ ሥር የተኛ ሰው መደቡ ላይ ከተኛ ሰው ቀድሞ ሊታመም አይችልም፣ ልጅቷ ከተረፈች እናቷማ፣ ይኼ ሒሳብ አይደለም፣ ልብ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ በሩ ሥር የነበረችው እናቷ ናት። በዚህች ተንጠለጠለች። በዚህች ክር ላይ እንዳለች የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«እማዬ።» ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ።

«ወይዬ! ወይዬ የኔ ዓለም! ምንሽን አመመሽ?»

«ሆዴን። አሁን ተወኝ። መርፌ ወጉኝ፣ አላለቀስኩም።»

«ጎበዝ። ጎበዝ የኔ ጌታ። አርሴ፣ ሌሊት ምን ሆናችሁ?»

«ራሴን ሲያመኝ አያቴን ቀሰቀስኳት። በሩን እንክፈተው አልኳት፣ እናትሽ አደራ ብላለች፣ ሌባ ይገባል አለችኝ።» ልጅቷ ትንፋሽ ወሰደች። «ከዚያ ነይ ቦታ እንለዋወጥ አለችኝ። በሩ ሥር ንፋስ አለ፣ አፍንጫሽን ወደ ክፍተቱ አድርጊ አለችኝ። እሷ መደቡ ላይ ሄደች።»

የሺ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ነይ አብረን እንሁን፣ ንፋሱ ለሁለታችን ይበቃናል አልኳት እማዬ። ክፍተቱ ጠባብ ነው አለችኝ። ላንቺ ከበቃሽ እኔ በቃኝ አለችኝ።»

ከልጅቷ ኋላ አንድ ሴት በሹክሹክታ «እንዳትነግሪያት» ስትል ተሰማ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ደግሞ፣ የኔታ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሩቅ፣ ከጤና ጣቢያው ውጭ ይሁን ከዚያም ወዲያ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያወራ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለ። ገበያ ነው ልትል ፈለገች። የሚቀርበው የቢቸና ገበያ እንኳ እዚያ ድረስ አይሰማም።

«አርሴ» አለች፣ ድምፅዋን ሐጃን ስታስተኛ እንደምታደርገው ዝቅ አድርጋ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ «አያትሽ አሁን የት ናት?»

ሹክሹክታው እንደገና መጣ።

«ተኝታለች» አለች አርሴማ።

«እሺ የኔ እናት» አለች የሺእመቤት። «እንዳትቀሰቅሷት።»